«ሳይንሱን ተከትለን ነው»፦ በወረርሽኝ ዘመን ስለ ማስረጃና ስለ መንግሥት ውሳኔ የቀረበ ሒስ

፩. መነሻ

ከማርች 2020 አጋማሽ ጀምሮ የብሪታንያ ሚኒስትሮች በየዕለቱ በቴሌቪዥን እየቀረቡ ስለ ኮሮና ቫይረስ ለሕዝባቸው መግለጫ ይሰጡ ነበር። በግራና በቀኛቸው የሳይንስና የሕክምና ሊቃውንት ይቆማሉ፤ በሰሌዳ ላይ ቁጥሮችና መስመሮች ይታያሉ፤ ከሚኒስትሮቹም አንደበት አንድ የማይለወጥ ቃል ይሰማል፤ «የምንሠራው ሁሉ ሳይንሱን ተከትለን ነው» የሚል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

ቃሉ ለጆሮ የሚስማማ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ከራሱ ፈቃድ በላይ ለሆነ እውነት እገዛለሁ ሲል መስማት፣ በተለይ እንደኛ ከገዥዎች ፈቃድ በቀር ሌላ ሕግ ካልነበረበት አገር ለወጣ ሰው፣ የሚያስቀና ነገር ነው። ይሁንና አንድ መንግሥት ሕዝቡን «ከቤትህ አትውጣ፣ ሱቅህን ዝጋ፣ የሞተብህን ዘመድ ተሰብስበህ አትቅበር» ብሎ ሲያዝ፣ ትእዛዙ የቆመበትን ማስረጃ ማን አየው? መቼ አየው? ሌላው ሰው ሊመረምረው በሚችል መልክስ ቀረበ ወይ? የዚህ ሒስ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው የብሪታንያ መንግሥት በወረርሽኙ ዘመን ያወጣቸውን ሰነዶች ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሒስ የሚቻለው ሰነድ ባለበት መሆኑ ነው፤ ብሪታንያም ዘግይታም ቢሆን የአማካሪዎቿን ቃለ ጉባኤ ለአደባባይ ካበቁ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ሁለተኛው፣ ብዙዎቻችን በዚህችና በመሰሏ አገሮች ተጠልለን ስንኖር፣ ስለ አገራችን መንግሥታት ሐሰት ለመናገር የምንሳለውን ያህል የተጠለልንበትን መንግሥት ወረቀት ለማንበብ የማንተጋ በመሆናችን ነው። በመጨረሻም ነገሩን ወደ አገራችን መልሰን እንመለከተዋለን።

የምንከራከርለት ነጥብ አጭር ነው። ማስረጃን ማሳተምና ማስረጃን ለሕዝብ ማካፈል አንድ አይደሉም። ማስረጃ ተካፈለ የሚባለው ውሳኔው ገና ሊታረም በሚችልበት ሰዓት፣ ከነጥርጣሬውና ከነልዩነቱ፣ ሌላው ሰው ተነሥቶ «ተሳስታችኋል» ሊል በሚችልበት መልክ ሲቀርብ ነው። ከዚህ የጎደለው ሁሉ፣ ገጹ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ለውሳኔው የተሠራ ጌጥ እንጂ መሠረት አይሆንም።

፪. የተዘጋው ክፍል

ሴጅ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአስቸኳይ ጊዜ የሳይንስ አማካሪ ቡድን ስለ አዲሱ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ጃንዋሪ 22 ቀን 2020 ነበር። ሰብሳቢዎቹ የመንግሥቱ ዋና የሳይንስ አማካሪ ሰር ፓትሪክ ቫላንስና የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ፕሮፌሰር ክሪስ ዊቲ ነበሩ። የተቀሩት አባላት እነማን እንደሆኑ ግን ለብዙ ወራት በይፋ አልተነገረም፤ የተሰጠውም ምክንያት የአባላቱ ደኅንነት ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን ጋርዲያን የተሰኘው ጋዜጣ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና የፖለቲካ አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ በስብሰባዎቹ ላይ ይገኙ እንደነበር ገለጸ። መንግሥት ሰውየው አባል አለመሆናቸውን ተናግሮ፣ መገኘታቸውን ግን አልካደም። የአባላቱ ስም ዝርዝር የወጣው ከዚህ በኋላ፣ ሜይ 4 ቀን ነበር። በዚያው ዕለት የቀድሞው ዋና የሳይንስ አማካሪ ሰር ዴቪድ ኪንግ ነጻ ሴጅ የተባለ የራሳቸውን ጉባኤ አቋቁመው ስብሰባውን ሁሉም ሰው እያየው አካሄዱ። የመንግሥቱ በር ተዘግቶ ሳለ፣ ሊቃውንቱ ከበሩ ውጭ ሌላ ሸንጎ መትከላቸው ነበር።

ከማርች 20 ጀምሮ አንዳንድ ጥናታዊ ወረቀቶች መውጣታቸው አይካድም። ቃለ ጉባኤዎቹ ግን በብዛት የወጡት ሜይ 29 ቀን ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ከታዘዘበት ከማርች 23 በኋላ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

እነዚህን ቃለ ጉባኤዎች እንደ ድርሰት ላነበባቸው ሰው፣ በመጀመሪያ የሚታየው የአጻጻፋቸው ልስላሴ ነው። አንቀጾቹ አጫጭር ናቸው፤ ተራ ቁጥር አላቸው፤ የሚናገረው ሰው ዘወትር አንድ ነው፤ «ሴጅ ተስማማ»፣ «ሴጅ መከረ»። በአንዳንድ ነጥቦች ላይ የሊቃውንቱ መተማመን ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ መሆኑ ይመለከታል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ማን ምን እንዳለ፣ ማን በምን ምክንያት እንደተቃወመ፣ ክርክሩስ በምን እንደተቋጨ ከገጹ ላይ አይገኝም። በአገራችን የቀድሞ ችሎት በላ ልበልሃ ተብሎ ከሳሽና ተከሳሽ በሕዝብ ፊት ቃል ለቃል ሲሟገቱ፣ ዳር ቆሞ የሚያዳምጠው ሰው ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ፍርዱ የወጣበትንም መንገድ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። የሴጅ ቃለ ጉባኤ ፍርዱን ይሰጠናል፤ ሙግቱን ግን አስቀርቶብናል።

የዚህም ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ የማርች 13 ቃለ ጉባኤ ያሳያል። በዚያ ዕለት ሊቃውንቱ በሽታውን ፈጽሞ ለማፈን የሚወሰድ እርምጃ ሁለተኛ ማዕበል ያስከትላል በሚለው ሐሳብ አንድ ድምፅ ነበሩ ይላል። እዚያው ሰነድ ላይ ግን፣ ለስሌት የሚቀርበው መረጃ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን የሚዘገይ በመሆኑ፣ በአገሪቱ ያለው በሽተኛ ቀድሞ ከተገመተው የበለጠ መሆኑን ሴጅ አሁን ያምናል የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማርች 16 ቀን፣ ይኸው ቡድን ተጨማሪ እርምጃ በተቻለ ፍጥነት እንዲወሰድ መከረ። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ከሁሉ የከበደው እውነት የቫይረሱ ጠባይ አልነበረም፤ ውሳኔ ሰጪዎቹ የሚያዩበት መስተዋት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ የቀረ መሆኑ ነበር። ይህች ዐረፍተ ነገር በዕለቷ ለአደባባይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ከሴጅ ውጭ የነበሩ ሐኪሞችና የስታቲስቲክስ ሊቃውንት «በሽታው በየጥቂት ቀኑ በእጥፍ እያደገ ሳለ የሰባት ቀን መዘግየት ምን ማለት ነው?» ብለው በጠየቁ ነበር። ሕዝቡ ያነበባት በሜይ መጨረሻ ነው።

ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም እንዳይባል፣ በዚያው ማርች 16 ቀን ከ600 የሚበልጡ የሰው ልጅ ጠባይ ተመራማሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። እርምጃው ቶሎ ከተወሰደ ሕዝቡ ይሰለቻል የሚለው አነጋገር በዚያን ሰሞን ይነገር ነበርና፣ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ካለ ይታተም፣ ከሌለም አቋሙ እንደገና ይመርመር አሉ። ጥያቄው የትሕትና ጥያቄ ነበር። አንድ መንግሥት ስለ ሕዝቡ ትዕግሥት ሲናገር፣ ያንን ትዕግሥት በምን እንደለካው መጠየቅ የማንም ዜጋ መብት ነው።

፫. የቁጥር ሥልጣን

ማርች 16 ቀን ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የወጣውና ዘጠነኛው ሪፖርት የተባለው ጽሑፍ በዘመኑ ከወጡት ሁሉ ይበልጥ ስሙ የተነሣ ነው። ፕሮፌሰር ኒል ፈርጉሰንና ባልደረቦቻቸው የጻፉት ይህ ሪፖርት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደና ማንም ሰው ጠባዩን ካልለወጠ በታላቋ ብሪታንያ ወደ 510,000፣ በአሜሪካ ደግሞ ወደ 2.2 ሚሊዮን ሰው ሊሞት እንደሚችል አሰላ። መለስተኛ እርምጃ ቢወሰድም እንኳ በብሪታንያ ወደ 250,000 ሰው ሊሞት ይችላል አለ። ሪፖርቱ ለሕዝብ በይፋ በመውጣቱ ደራስያኑ ሊመሰገኑ ይገባል፤ በዚህ ረገድ ከመንግሥቱ የተሻሉ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ከወረቀቱ ወደ አደባባዩ በተደረገው ጉዞ ውስጥ አንዲት ቃል ወደቀች፤ «ካልተወሰደ» የምትለዋ። 510,000 የተባለው ቁጥር፣ የማንም መንግሥት ሐሳብ ላልሆነ ሁኔታ የተሰላ ማነጻጸሪያ ሆኖ ሳለ፣ ትንቢት ሆኖ ተነገረ። ወራት ካለፉ በኋላም የሞተው ሰው ከዚያ ስላነሰ «ትንቢቱ ሐሰት ነበር» ብለው የተነሡ አልታጡም። የመጀመሪያው ስሕተት ሁለተኛውን ወለደው። «ካልጾምክ ትታመማለህ» የተባለ ሰው ጾሞ ዳነና፣ «እነሆ አልታመምሁም፤ ሐኪሙ ዋሸኝ» እንዳለው ያህል ነው።

ከዚህ የባሰው የስሌቱ ጉዳይ ነው። ስሌቱ የተሠራበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ የተጻፈና ማብራሪያ ያልነበረው በሺህ የሚቆጠር መስመር መሆኑን ራሳቸው ፕሮፌሰር ፈርጉሰን በይፋ ተናግረዋል። ተስተካክሎ ለሁሉም የተለቀቀው በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ነበር። ከዚያም በኋላ ከቡድኑ ውጭ የሆነ የካምብሪጅ ምሁር ፕሮግራሙን አስሠርቶ የሪፖርቱን ዋና ዋና ውጤቶች ለማግኘት መቻሉን አረጋገጠ። እንግዲህ ስሌቱ የተጠረጠረውን ያህል ብልሹ አልነበረም። ነገር ግን ማረጋገጫው በመጣበት ሰዓት ጥርጣሬው ሥር ሰዶ፣ ፖለቲካም ሆኖ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ እውነተኛ ማስረጃም ቢሆን በጊዜው ካልተገለጠ የሐሰተኛውን ዕጣ ሊካፈል እንደሚችል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኦክቶበር 31 ቀን 2020 የሆነው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁለተኛውን አገር አቀፍ የእንቅስቃሴ ገደብ ባወጁበት መግለጫ ላይ፣ በቀን እስከ 4,000 ሰው ሊሞት ይችላል የሚል መስመር ያለበት ሰሌዳ ታየ። ስሌቱ ከሳምንታት በፊት የተሠራና በጊዜው ይደርስ ከነበረው አኃዝ ጋር የማይጣጣም መሆኑን ሊቃውንት ወዲያው አመለከቱ። በሌላው ሰሌዳ ላይ ደግሞ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ በቀን እስከ 1,500 ይደርሳል ተብሎ የነበረው የሟቾች ጣራ፣ ስሕተት ተገኝቶበት ወደ 1,000 ዝቅ ብሎ ታረመ። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ኖቬምበር 5 ቀን ባወጣው መግለጫ፣ መንግሥት ቁጥሮችን ሲጠቀም መነሻቸውን በጊዜውና በግልጽ እንደማያቀርብ፣ ይህም ሕዝቡን ሊያደናግርና እምነቱን ሊሸረሽር እንደሚችል ገሠጸ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን እንሻለን። የገደቡ ውሳኔ ስሕተት ነበር አንልም፤ በሽታው በእርግጥ እየተስፋፋ ነበርና። የምንለው፣ ትክክለኛ ሊሆን የሚችል ውሳኔ በደካማ ሰሌዳ ተደግፎ ቀረበ ነው። መንግሥቱ በእጁ የነበረውን ጠንካራ ማስረጃ ትቶ አስፈሪውን መረጠ። ማስረጃን ለማሳመን ሳይሆን ለማስደንገጥ የሚጠቀም መንግሥት፣ ሕዝቡን እንደ አስተዋይ ዜጋ ሳይሆን እንደ ሕፃን መመልከቱን ያሳያል።

፬. ጅብ ከሄደ በኋላ

በሰነዶቹ ሁሉ ውስጥ ለሒሳችን ዋና ምስክር የሚሆነው የሴፕቴምበር 21 ቀን 2020 ቃለ ጉባኤ ነው። በዚያ ዕለት ሴጅ በሽታው እንደገና እየተነሣ መሆኑን ተመልክቶ፣ በአስቸኳይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ዘረዘረ። ከእነዚህም ውስጥ አንዱ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ አገር አቀፍ ገደብ ነበር፤ ሌሎቹም የመጠጥና የምግብ ቤቶች መዘጋት፣ በቤት ውስጥ የመገናኘት ክልከላ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በርቀት መስጠት የመሳሰሉት ናቸው። በማግስቱ መንግሥት ከዝርዝሩ ውስጥ የተቀበለው የሚችል ሁሉ ከቤቱ ይሥራ የሚለውን ነበር፤ በላዩም መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ አራት ሰዓት እንዲዘጉ አዘዘ። ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ የወጣው ግን ኦክቶበር 12 ቀን ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሦስት ደረጃ የተከፈለውን አዲስ የገደብ ሥርዓት ለፓርላማ ካስረዱ ከሰዓታት በኋላ ነው። የምክር ቤት አባላቱ ስለ ሦስቱ ደረጃዎች ሲጠይቁ፣ ሊቃውንቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ከዚያ የጠነከረ ነገር መምከራቸውን በሰነድ አላወቁም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን መከራከሪያ አሳንሰን ልናየው አንፈልግም። መንግሥት የሚመዝነው በሽታን ብቻ አይደለም፤ ሥራ አጥነትን፣ ትምህርትን፣ ሌሎች ሕመምተኞችንም ይመዝናል፤ ስለዚህ የሊቃውንትን ምክር ሁልጊዜ መቀበል ግዴታው አይደለም ይባላል። እውነት ነው። አማካሪ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት እንዲናገር የተዘጋ ክፍል ያስፈልገዋልም ይባላል። ይህም ከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መከራከሪያ ራሱ «ሳይንሱን ተከትለን ነው» የሚለውን ቃል ያፈርሰዋል። ሚኒስትሩ «ሊቃውንቱ ይህን መክረውኛል፤ እኔ ደግሞ በዚህ በዚህ ምክንያት ሌላውን መርጫለሁ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» ሊል ይገባዋል። ይህን ካላለ ሳይንስ ለውሳኔው ደራሲ ሳይሆን መሸሸጊያ ሆነ ማለት ነው። ሲቀና ምስጋናው ለሚኒስትሩ፣ ሲከፋ ጥፋቱ ለሊቁ ይሆናል።

መጋረጃው የሸፈነው ሌላም ነገር አለ። በኦገስት 2020 መንግሥት ሕዝቡን ወደ ምግብ ቤቶች ለመመለስ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምግቡን ዋጋ ግማሽ፣ ለአንድ ሰው እስከ 10 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ሰር ፓትሪክ ቫላንስ በ2023 ለአጣሪው ኮሚሽን በሰጡት የምስክርነት ቃል፣ ስለዚህ ዕቅድ አስቀድሞ እንዳልተማከሩበት ተናግረዋል። ይኸው በየዕለቱ ሳይንሱን ተከተልን ይል የነበረ መንግሥት፣ ሰው በዝግ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ እንዲበላ ገንዘብ ሲሰጥ ሳይንሱን አልጠየቀም። ከታተሙት ወረቀቶች ብዛት ይልቅ፣ ወረቀት ያልተጻፈበት ውሳኔ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ሕዝብ ይደነግጣል የሚለው ሥጋትም ለብሪታንያ አዲስ አይደለም። የከብት እብደት በሽታ በተነሣበት ዘመን፣ በ1990 የእርሻ ሚኒስትሩ በካሜራ ፊት ለሴት ልጃቸው የበሬ ሥጋ ሲሰጡ ታዩ፤ ማርች 20 ቀን 1996 ደግሞ የጤናው ሚኒስትር በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለፓርላማ ገለጹ። ጉዳዩን ያጠኑት ሎርድ ፊሊፕስ በኦክቶበር 2000 ባወጡት ሪፖርት፣ መንግሥት ሆን ብሎ ሕዝቡን አልዋሸም፤ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ድንጋጤ እንዳይፈጠር በመጨነቅ ሲያረጋጋ ኖረ፤ እውነቱ ሲገለጥም ሕዝቡ እንደተከዳ ተሰማው ሲሉ ደመደሙ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር እርግጠኛ አይደለንም ብሎ መናገር እምነትን እንደሚያጸና ያ ሪፖርት አስተምሮ ነበር። ትምህርቱ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ተዘነጋ።

፭. የቀረው ምዕራፍ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌሎች ሰዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን እኛኑ የሚመለከት ነው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ጁን 2 ቀን 2020፣ ኮቪድ-19 በተለያዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ላይ ያደረሰውን የተለያየ ጉዳት የሚመለከት ሪፖርት አወጣ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ የመኖሪያ አካባቢና የመሳሰሉት ተስተካክለው ሲታዩ፣ ከባንግላዴሽ ዘር የሆኑ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከነጮች ብሪታንያውያን ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር፤ ለሌሎች የእስያና የጥቁር ሕዝብ ክፍሎችም ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ብልጫ ተገኘ። ሪፖርቱ ሰዎቹ የሚሠሩትን ሥራና አስቀድሞ የነበረባቸውን ሕመም በስሌቱ እንዳላስገባ በራሱ ገልጿል።

ቁጥሩ ወጣ፤ ምክንያቱና መፍትሔው ግን አልወጣም። ከ4,000 ከሚበልጡ የማኅበረሰብ ተወካዮችና ባለሙያዎች ጋር የተደረገው ምክክር፣ ይኸውም ሰዎቹ በአንደበታቸው ስለ ሥራቸው፣ ስለ መኖሪያቸው ጥበት፣ ስለ ዘር አድልዎና ለሐኪም ቤት ስላላቸው ፍርሃት የተናገሩት፣ ከነማሳሰቢያዎቹ ለብቻው ቀርቶ ነበር። የወጣው ከብዙ ጩኸት በኋላ ጁን 16 ቀን ነው።

ሁለት ሳምንት ምን ቁም ነገር አለው የሚል ይኖራል። ነገሩን ከእኛ ሰው በኩል እንየው። በለንደን አውቶቡስ የሚነዳ፣ በአረጋውያን ቤት ሌሊት የሚያድር፣ በሐኪም ቤት የሚያጸዳ ስደተኛ ጁን 2 ቀን የሰማው ቆዳው ለሞት የቀረበ መሆኑን ነው። አሠሪው ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ የሚናገረው ክፍል ግን በእጁ አልገባም። ማሳሰቢያ የሌለው ቁጥር ለሠራተኛው ፍርሃት ሲሆን፣ ለአሠሪው ግን ምንም አያስገድደውም። እንዲህ ያለው የተቆረጠ ማስረጃ ሌላም ጉዳት አለው፤ መንሥኤው በሥራውና በመኖሪያው ሳይሆን በደሙ ውስጥ ያለ እንዲመስል ያደርጋል። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን በዚያን ሰሞንና በኋላም በክትባቱ ወራት ሲናፈስ ለሰማነው ወሬ፣ ግማሹን በር የከፈተው ይህ ዓይነቱ ክፍተት ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

፮. ስለ አገራችን

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ሕዝባችን፤ መንግሥታቱ ግን ሲደብቁ ኖረዋል። የ1973 የወሎ ረኀብ ለዓለም የተገለጠው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መሆኑን የማያስታውስ የእኛ ትውልድ ሰው የለም። ከዚያም በኋላ በመጡት ዘመናት ኮሌራ በስሙ አልተጠራም፤ በ2006ም ሆነ በ2016ና በ2017 በይፋ የተሰጠው ስም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ድርጅቶችም በመግለጫዎቻቸው ይህንኑ ስም ይጠቀሙ ነበር። በ2019 የጤናው ባለሥልጣናት ኮሌራን ኮሌራ ብለው ሲጠሩ፣ ለብዙ ዓመት የታፈነ ቃል በግልጽ ተነገረ። ሰነድ ዘግይቶ ከሚወጣበት አገርና የበሽታው ስም እንኳ ከማይነገርበት አገር መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው ጋር አስተካክለን ልንወቅስ አንችልም።

ኮሮና ቫይረስ ማርች 13 ቀን 2020 በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የተመረመሩትን፣ የተያዙትንና የሞቱትን ሰዎች ቁጥር በየዕለቱ ማውጣቱ የሚመሰገን ለውጥ ነበር። ነገር ግን የውሳኔው ማስረጃ ከዕለታዊው አኃዝ ጋር አንድ አይደለም። የምርጫ ቦርድ ለኦገስት 29 የተቀጠረውን አገር አቀፍ ምርጫ ማርች 31 ቀን ሲያራዝም፣ የታወቁት ሕመምተኞች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። የጤና ሚኒስትሯ ጥንቃቄ ከተደረገ ምርጫው ሊካሄድ ይችላል ብለው በሴፕቴምበር ለፓርላማ ሲያስረዱ ደግሞ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር አዲስ ሕመምተኛ ይገኝ ነበር። ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያልታወቀው ብዙ ነበርና። የታወቀው ነገር ምን እንደሆነ፣ በየትኛው መለኪያ ሲመዘን «አይቻልም» የነበረው «ይቻላል» እንደሆነ ግን፣ ያ ውሳኔ ለአገሪቱ ሰላም የነበረውን ክብደት ያህል ለሕዝብ ተተንትኖ ሊቀርብ ይገባ ነበር። ጤና ሰበብ ነው ብሎ የሚያምነውን ወገን ሊያሳምን የሚችል ነገር ቢኖር እንዲህ ያለው ትንተና ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንንም መውቀስ ይገባናል። እኛ በስደት ያለን ምሁራን ለማስረጃ ያለን ፍቅር እንደ ወገናችን ይለዋወጣል። መንግሥትን የሚጎዳ ቁጥር ሲመጣ ምንጩን ሳንጠይቅ እንቀበላለን፤ የሚጠቅመው ሲመጣ ላቦራቶሪው ድረስ ወርደን እንመረምራለን። በ2017 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ በጤና ሚኒስትርነታቸው ዘመን ኮሌራን ሸሽገዋል የሚለው ክስ በኒውዮርክ ታይምስ ወጣ፤ እርሳቸውም አስተባበሉ። ክሱን ያነሡት ምሁር የሌላው ተወዳዳሪ አማካሪ መሆናቸው እዚያው ዘገባ ላይ ተጽፎ ነበር። ከመካከላችን ይህን ዐረፍተ ነገር አብሮ ያሠራጨ ስንት ሰው ነው? ደጋፊዎቻቸውስ ስለ አተት የተነሣውን እውነተኛ ጥያቄ በቅንነት የመለሱ ስንት ናቸው? ከመንግሥት የምንጠይቀውን ደንብ ራሳችን ካልጠበቅነው ጥያቄያችን ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ጠላትነት ብቻ ይሆናል።

፯. መደምደሚያ

በብሪታንያ ጉዳዩን ያጠኑት ዳኛ ባሮነስ ሃሌት ስለ መንግሥቱ ውሳኔዎች በኖቬምበር 2025 ባወጡት ሪፖርት፣ የተወሰደው እርምጃ ያነሰም የዘገየም ነበር ሲሉ ፈርደዋል። ገደቡ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ማርች 16 ቀን፣ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝ ብቻ በመጀመሪያው ማዕበል የሞተው ሰው ወደ 23,000 በሚጠጋ ቁጥር ይቀንስ እንደነበርም ስሌት ጠቅሰው ጽፈዋል። ይህም ቁጥር እንደ 510,000ው ሁሉ «ቢሆን ኖሮ» የሚል ቃል የተሸከመ ነው። ስለ ሟቾቹ ያለን ሐዘን እውነተኛ ቢሆንም፣ ይህን ቁጥር ከነመነሻ ግምቱ እንጂ እንደ ተቈጠረ አስከሬን ልናነበው አይገባም። የማርችን ሰነድ በመረመርንበት ዐይን የኖቬምበርንም ሰነድ መመርመር አለብን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለአንባቢያችን የምናስጨብጠው አራት ጥያቄ ነው። ማስረጃው የወጣው ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሊቃውንቱ ልዩነትና ጥርጣሬ አብሮ ተጽፏል? ስሌቱን ሌላ ሰው እንደገና ሊሠራው ይችላል? ምክሩን ተቀብሎ ወይም ትቶ የወሰነው ሰው ማነው? ከአራቱ አንዱ ሲጎድል «ሳይንሱን ተከትለናል» የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

በማኅበራችን ውስጥ ሐኪሞች፣ የስታቲስቲክስና የሕዝብ ጤና ሊቃውንት አሉን። ለቀጣዩ ወረርሽኝ ሳንጠብቅ፣ የምንኖርባቸው መንግሥታት የሚያወጧቸውን የጤና ሰነዶች ከነማስጠንቀቂያቸው በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች አሳጥረው ለማኅበረሰቦቻችን የሚያቀርቡ፣ ከአዲስ አበባ ለሚወጡትም ሰነዶች እነዚህኑ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ የሚልኩ ጥቂት ሰዎች እንዲመደቡ እንጠይቃለን። መልሱ ቢዘገይ፣ ጥያቄው ከነቀኑ በዚህ መጽሔት ላይ ይታተም። በ2020 የጎደለው አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ማን ምን ጠይቆ መልስ እንዳጣ የሚናገር ቀን ያለው ወረቀት።